ቢላዋ ጠባቂው የተገኘበት ግብዣ

በዚያ ቄራ የገና ግብዣ የሚጀመረው ሙዚቃው ሲከፈት ወይም ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ሲጨርስ አይደለም። የሚጀመረው ከስለት ክፍሉ ትንሽ መስኮት አንድ ጎርናና ድምፅ «ገብቷል» ሲል ነው። ገብቷል ማለት የአራጆቹ፣ የቆዳ ገፋፊዎቹና ስጋ ከአጥንት የሚለዩት ሠራተኞች ቢላዋ አንድም ሳይቀር ተሰብስቦ፣ ደሙ ታጥቦ፣ እጀታው ላይ በተተኮሰው ቁጥር መሠረት በየቦታው ተሰቅሏል ማለት ነው። ከዚያች ቃል በፊት ጠርሙስ አይከፈትም።

ድምፁ የሞረድ ነው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚጠቀምበት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ዕድሜ ልኩን ቢላዋ ሲስል ስለኖረ ሞረድ ይለዋል፣ ታናናሾቹ ደግሞ ጋሽ ሞረድ። አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነው። መሳያው ማሽን ላይ ሲያጎነብስ በመኖሩ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሏል። በጣቶቹ እጥፋት ውስጥ የገባውን የብረት ብናኝ ምንም ሳሙና አያስለቅቀውም። ቢላዋ ሲያቀብል ስለቱን ወደ ራሱ፣ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አድርጎ ነው። ሚስቱ ማንኪያ ሲያቀብል እንኳ እንደዚያው ነው ትላለች።

ደንቡ የወጣው በደም ነው። ሞረድ ፀጉሩ ገና ጥቁር በነበረበት፣ ቄራው ውስጥም በጭፈራ ስሙ ይነሳ በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ የገና ግብዣ ላይ አንድ ጫኝና አንድ የሆድ ዕቃ አጣቢ ካሴት ማን ይቀይር በሚል ተጣሉ። አጣቢው ከቦቲው ውስጥ ቢላዋ አወጣና ጫኙን ብብቱ ሥር ወጋው። ጫኙ ሳቀ። አጣቢውን በደረቱ ገፈተረውና መጨፈሩን ቀጠለ። ዘፈኑ ሳያልቅ ሸሚዙ ከጎኑ እስከ ቀበቶው ጠቆረ፤ ወለሉ ላይ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አለ፣ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። ሐኪሙ ስለቱ እጅግ ቀጭን ስለነበረ መወጋቱ አልታወቀውም አለ። ያ ቢላዋ በዚያን ዕለት ጠዋት በሞረድ እጅ ተስሎ የወጣ ነበር። ማንም ምንም አላለውም። እሱም ለማንም ምንም አላለም።

ከዚያ ወዲህ ቢላዋ ሳይገባ ግብዣ የለም። ቁልፍ ይሰበራል፣ ሞረድ ግን አይሰበርም ተባለና እሱም ከቢላዎቹ ጋር ተቆልፎበት የመጨረሻው ሰው ወደ ቤቱ እስኪሄድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ስለዚህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቄራው ግብዣ ሁሉ አለ፣ አንዱንም አላየም። ግብዣውን የሚያውቀው በግድግዳ በኩል ነው። ንግግሩን፣ ጭብጨባውን፣ የወንበር መጎተቱን፣ ከሞቅታ በኋላ የሚመጣውን ለቅሶና ስድብ፣ ቡጢ ሲያርፍ የሚሰማውን ድፍን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። በትንሿ መስኮት የተሸፈነ ሳህንና ጠርሙስ ይገባለታል። ወደ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትዘፍናለች፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያቅፍ ድምፅ ነው። ሞረድ ይህን ድምፅ ለወፍራሟ፣ ለሳቂታዋ የካፌ ወጥ ሠሪ ሰጥቶት ነበር፤ በሥራ ቀን ሲያገኛትም በተለየ አክብሮት ሰላምታ ይሰጣት ነበር።

ቤቱ ሲገባ ያማርራል። «ሰው ከሰው ጋር ገናን ያከብራል፤ እኔ ከብረት ጋር» ይላል።

«ታዲያ ሌላ ሰው ይቀመጥ በላቸው» ትለዋለች ሚስቱ።

«ማን አለ?»

ሌላ ሰው አለመኖሩን ይወደው ነበር። «ገብቷል» ሲል አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል፤ ያቺን ጭብጨባ ዓመቱን ሙሉ ይዟት ይከርማል። ነገር ግን ወለሉ በጭፈራ መደለቅ ሲጀምር አግዳሚው ወንበር ሥር እግሩ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ዓመት ላለመስማት ብሎ መሳያ ማሽኑን አስነስቶ ያውቃል። የሚሳል ነገር ግን አልነበረም።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። እዚያው ቄራ ውስጥ አጥንት በሚቆርጠው የመጋዝ ማሽን ላይ ትሠራለች። የበሬ ጭን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጥርሱ ስትገፋ ትከሻዋ እንደ ወንድ ይወጠራል፤ ጣቶቿም አሥሩም አሉ፣ በዚያ ማሽን ላይ ለሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአንድ ቆዳ ገፋፊ ጋር ታጭታ ነበር። ገፋፊው ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ በሁሉም የሚወደድ ሰው ነው። የበሬን ቆዳ ሌላው ሰው ኮቱን በሚያወልቅበት ፍጥነት ያወልቃል። በክረምቱ መጨረሻ ላይ ቀለበቱን መለሰችለት፤ ለምን ሲሏት «ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም» ከማለት በቀር አላብራራችም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ በተሰቀሉት ስጋዎች መካከል ጠበቃትና ጆሮዋ ላይ በመዳፉ መታት። አንድ ጊዜ ብቻ። ታምቡሯ ተቀደደ። ራሷ ከብረት ዓምዱ ጋር ተጋጭቶ ወደቀች፤ ስትነቃ በረዶ ላይ ተኝታ ነበር፣ እሱ የለም። ለአባቷ ሜንጦ መታኝ አለችው። ሥጋ የሚሰቀልበት ሜንጦ በጣሪያው ሀዲድ ላይ እየተንሸራተተ ሰው መምታቱ የየቀኑ ነገር ስለሆነ አመናት። እውነቱን በኋላ የነገረችው እናቷ ናት። ሞረድ ኮቱን አነሳ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ወጥተህ ምን ልታደርግ ነው?»

አላወቀም። ቁጭ አለ።

ልጅቷ ለቄራው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሰሰች። ገፋፊው ራሷ አንሸራትቷት ወደቀች አለ። ያየ ሰው የለም። ኮሚቴው ከገና በኋላ ተሰብስቦ ሊወስን ቀጠሮ ያዘ። ገፋፊው ደግሞ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «የገና ዕለት ከእኔ ጋር ትጨፍራለች፤ ካልጨፈረች ማንም አይጨፍርም» ብሎ ፎከረ። ሰዎቹ ሳቁ፤ የእሱ ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል።

«አትሄጂም» አለቻት እናቷ፣ ማታ ራት ላይ።

«እሄዳለሁ።»

«ምን ሊሠራልሽ? ሰው ሲጨፍር ልታዪ?»

«እማዬ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሲመታኝ ከተሰቀለ በሬ በቀር ያየኝ የለም። በሬ ደግሞ አይመሰክርም። ግብዣው ላይ ሰው ሁሉ አለ። ሥራ አስኪያጁ አለ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢም አለ።»

ሞረድ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልትመቺ ነው የምትሄጂው?»

«ከነካኝ ሰው ያያል። ካልነካኝ እጨፍራለሁ። በሁለቱም አልከስርም።»

«ቢገድልሽስ?»

«በምን? በጥፊ?» ወደ እሱ ዞረች። የማይሰማው ጆሮዋ በእሱ በኩል ስለነበረ እሱን ለማዳመጥ መላ ፊቷን ማዞር ነበረባት። «አባባ፣ አንተ ስለቱን ጠብቅልኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢላዋ እንዳይኖር ብቻ። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

«እሺ» አላት።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ ሞረድ እንደ ሁልጊዜው በግድግዳ በኩል ይሰማ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ወጣት፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው የሚፈልግ ሰው ነው። ለስለት ክፍሉ የብረት በር አስገጠመና ሞረድን ጠርቶ በሩን በጡጫው እየደለቀ አሳየው።

«ጋሽ ሞረድ፣ ይህን የሚሰብር ሰው የለም፤ መድፍ ነው የሚፈልገው። ቁልፉን ለጥበቃው ስጥና ዘንድሮ ከሰው ጋር ተቀላቀል።»

«ደንብ አለ» አለ ሞረድ።

«ደንቡ ቢላዋ እንዲቆለፍ ነው እንጂ ሰው እንዲታሰር አይደለም።»

ሞረድ ላስብበት ብሎ ወጣ፤ አሰበበትም። ልጄ ያለችኝ ስለቱን ጠብቅ ነው፣ በሩ ይጠብቀዋል አለ። አባት ደግሞ እጁ በሚደርስበት ቦታ ቢሆን ይሻላል አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ለማንም ሳይናገር ከተማ ወጥቶ አዲስ ጫማ ገዛ። ለልጅ ደኅንነት አዲስ ጫማ አያስፈልግም። ሶሉን በእጁ አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ለጭፈራ እንደሚሆን ካየ በኋላ ነው የገዛው።

ግብዣው የሚደረገው ከእርድ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ትእዛዝ በዝቶ ስለነበር እርዱ ከጠዋት ጀምሮ ፋታ አልነበረውም። በሬዎቹ አንድ በአንድ ወደ ጠባቡ በረት ይገባሉ፣ ግንባራቸው ላይ ይመታሉ፣ ይወድቃሉ፣ በኋላ እግራቸው ወደ ሀዲዱ ይሰቀላሉ፣ ጉሮሯቸው ይከፈታል። ወለሉ ላይ ያለው ደም እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ የሚያፈሰው ቦይ ተዘግቶ ነበር። አንድ ወይፈን ምቱ ሳይዘው ቀርቶ ተሰቅሎ ሳለ ነቃ፤ ተወራጭቶ የአንዱን ሠራተኛ ጥርስ አረገፈው። ገፋፊው ቀርቦ ወይፈኑን አፍንጫው ላይ በቡጢ መታውና «ተራህን ጠብቅ» አለው። ሰው ሳቀ። ጥርሱ የረገፈውም ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመስኮቱ በኩል እያለፉ ቢላዋቸውን አስረከቡ። ገፋፊው ሲደርስ በሁለት ክንዱ ደገፍ አለ።

«አማቼ፣ ዛሬ ልጅህን በደንብ አድርጌ አስጨፍራታለሁ።»

«ቢላዋህን።»

ገፋፊው ቢላዋውን በስለቱ በኩል ወደ ሞረድ ሰደደው፤ ይህ በዚያ ቤት ፊት ላይ ከመትፋት አይተናነስም። ሞረድ ስለቱን በመዳፉና በአውራ ጣቱ መካከል ይዞ ሳበው። አልቆረጠውም። ቁጥሩን አይቶ ሰቀለው።

«እጅህ ደህና ናት፣ አማቼ» አለ ገፋፊው። «ያቺ ልጅህ በእናቷ ሳትወጣ አልቀረችም፤ አፍ ብቻ ናት።» ከኋላው የተሰለፉት በዚህኛውም ሳቁ።

የመጨረሻው ቢላዋ ሲሰቀል ሞረድ በመስኮቱ «ገብቷል» አለ። ተጨበጨበ። ከዚያ እስከ ዛሬ ያላደረገውን አደረገ፤ ሽርጡን ፈታ፣ ፊቱን ታጠበ፣ በሥራ ሱሪው ላይ ጃኬት ደረበ፣ አዲሱን ጫማ አጠለቀና በሩን ከውጭ ቆለፈ። ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠው። ጥበቃው ጫማውን አይቶ «ጋሽዬ፣ ማን ሊዳር ነው?» አለው።

አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ በሳቅ ተተካ። «ሞረድ ከእስር ተፈታ!» አለ አንዱ ሾፌር፤ ጠርሙስ አስጨበጡት። ጥግ ላይ አምፖል የተጠመጠመበት የፕላስቲክ ዛፍ ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ባለቀለም ወረቀት ተንዘርፍፏል። በግድግዳ በኩል ሲሰማው ትልቅ የመሰለው አዳራሽ በመጠኑ ጠባብ ነው፤ የሽንት ቤቱ ሽታም ይመጣል።

ልጁ አየችውና ቶሎ ብላ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«በሩ ብረት ነው። ቆልፌዋለሁ።»

«ሁሉም ገብቷል?»

«ሁሉም ገብቷል» አላት፤ ሲላትም ያምን ነበር።

«እንግዲያው ቁጭ በልና ተጫወት። ምንም ነገር ብታይ ግን እንዳትነሳ። በእኔ ሞት በል።»

«በአንቺ ሞት አልነሳም።»

ተጫወተም። ለዓመታት በግድግዳ በኩል የሰማቸውን ድምፆች ከባለቤቶቻቸው ፊት ጋር አገናኛቸው። ከሁሉም ያስገረመው ዘፋኟ ናት። ያ የሚያቅፍ ድምፅ የወጥ ሠሪዋ አልነበረም። የሥጋ መርማሪዋ ነበር፤ የታመመ ሥጋ ላይ ቀይ ማኅተም እየመታች የምትጥል፣ ማንንም ሰላም የማትል፣ ቀጭን ሴትዮ። ዓይኗን ጨፍና ስትዘፍን ሞረድ በራሱ ሳቀ። ወጥ ሠሪዋ ከአጠገቡ ሆና እየበላች «ምን ያስቅሃል?» አለችው።

«አንቺ አትዘፍኚም እንዴ?»

«እኔ? እኔ ስዘፍን ወተት ይረጋል። ይልቅ ተነስና እንጨፍር፤ ጫማህን አይቼዋለሁ።»

ተነሣ። መጀመሪያ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው፣ ከዚያ ታዘዘው። ሰዎች ክብ ሠርተው ያጨበጭቡለት ጀመር። ሙቀት ተሰማውና ጃኬቱን ወንበር ላይ ጣለ። ዘፈኑ ተለወጠ፤ እጅ ወገብ ላይ ተይዞ የሚጨፈር ነበር። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ሲያደርግ ቀኝ እጁ ሰገባ ነካ።

የራሱ ቢላዋ ነበር። ማሰሪያ ገመድ የሚቆርጥበት፣ በመሳል ብዛት ተበልቶ የጣት ያህል የቀረ አሮጌ ስለት ነው፤ ከቀበቶው በስተኋላ ሁልጊዜ አለ። ቁጥር አልተተኮሰበትም፣ መስቀያም የለውም። ደንቡ ሠራተኛ ሁሉ ቢላዋውን ለሞረድ ያስረክብ ይላል፤ ሞረድ ለማን እንደሚያስረክብ ያሰበ ሰው አልነበረም። እሱ ሁልጊዜ ውስጥ ስለነበረ ከእሱ ጋር ያለው ሁሉ ውስጥ ነበር።

እግሩ ቆመ።

«ምነው ጋሼ፣ ወገብህን ያዘህ?» አለችው ወጥ ሠሪዋ።

«ትንሽ።»

መውጣት ነበረበት። ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ቢላዋውን አስቀምጦ መመለስ የአንድ ዘፈን ጊዜ እንኳ አይወስድም። ነገር ግን ሰዎቹ እያጨበጨቡ ነው። ወጥቶ ምን ይበላቸው? ከሁሉ ቢላዋ የቀማው ሰው ራሱ ይዞ ገባ ብለው ዓመቱን ሙሉ ሊስቁበት ነው። ከወጣ ደግሞ ተመልሶ እንደማይገባ ያውቃል፤ የብረቱ በር ውስጥ ገብቶ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ይህ ዘፈን ይለቅ፣ ከዚያ እወጣለሁ አለ። ዘፈኑ አለቀ። ቀጣዩም ጥሩ ነበር።

ገፋፊው የመጣው በዚያኛው መካከል ነው። ውጭ ሲጠጣ ቆይቷል። ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄደና እጁን ዘረጋ። እሷ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ተጠግታ፣ ሁሉም በሚያያት ቦታ ቆማ ነበር።

«እንጨፍር» አላት።

«አልጨፍርም» አለች ጮክ ብላ። «አንተ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጆሮዬን የመታኸኝ ሰው ነህ፤ ከአንተ ጋር አልጨፍርም።»

ሙዚቃውን የሚያጫውተው ልጅ ድምፁን ቀነሰ። ገፋፊው ፈገግ አለ። የእጅ አንጓዋን ይዞ ሳባት፤ ስትጎተት ቀርባ በግንባሯ አፍንጫውን መታችው። ሲሰበር ተሰማ። ደሙ በአፉና በአገጩ ወረደ፤ እሱ ግን አሁንም ፈገግ ብሎ ነበር፣ ጥርሱ ቀይ ሆኖ። ፀጉሯን ጨበጠና በዚያው በታመመው ጆሮዋ ላይ መታት፣ ደገማት። በጉልበቷ ወደቀች። በጫማው ጎኗን ረገጣት። የፕላስቲኩ ዛፍ ተገፍቶ ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁ በእጁ ብርጭቆ እንደያዘ ተነሥቶ ቆመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ያዙት፣ ያዙት እንጂ» አለ።

ሁለት ጫኞች ከግራና ከቀኝ ገብተው እጆቹን ያዙት። በሬ የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ ሲይዙ ይይዛሉ። ልጅቷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቀና አለች፤ ከአፏ ደም ተፋች፤ ሰብሳቢውን በዓይኗ ፈለገችውና «አያችሁ?» አለች።

«አየን» አለ ሰብሳቢው።

ነገሩ በዚህ አልቆ ነበር። ገፋፊው ተይዟል፣ ምስክሩ ሙሉ አዳራሽ ነው። ሞረድ የደረሰው ያኔ ነው። ሰው እየገፈተረ አልመጣም፤ ሰው ራሱ አሳለፈው፣ ልጁን ሊያነሳ የሚመጣ አባት መስሏቸው። በልጁ አጠገብ አለፈ። ጫኙ ወጥሮ የያዘውን የገፋፊውን ቀኝ ክንድ በግራ እጁ ደገፍ አደረገውና ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ ያን አሮጌ ስለት አንድ ጊዜ ሳበበት። ጅማት ሲቆረጥ እንደሚለቅ ገመድ ድምፅ አለው። ጫኙ ፊቱ ላይ ደም ሲረጭበት ለቀቀው፤ ሁለተኛውም ደንግጦ ለቀቀው።

ገፋፊው እጁን አየ። ቡጢ ሊጨብጥ ሞከረ፤ አውራ ጣቱ ታጠፈ፣ ሌሎቹ አልታጠፉም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወድቆ መጮህ ጀመረ። ሞረድ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ምን ሊያደርግ እንደነበር ኋላ ዳኛው ሲጠይቀው አላውቅም ብሏል።

«አባባ» አለች ልጁ። «ስጠኝ።»

እጀታውን ወደ እሷ፣ ስለቱን ወደ ራሱ አድርጎ ሰጣት። ቢላዋውን መሬት ላይ ጥላ በእግሯ አራቀችው፤ ከአንገቷ ሻሿን ፈታ፣ በገፋፊው ክንድ ላይ ተንበርክካ፣ ከክርኑ በላይ ጠምጥማ አሰረችው። እየረገማት፣ እየተወራጨ፣ በግራ እጁ ፊቷን እየቧጨረ አሰረችው። ሐኪሙ ያቺ ሻሽ ባትኖር ኖሮ ይሞት ነበር አለ።

ሞረድ በከባድ የአካል ጉዳት ተፈርዶበት ታሰረ። ገፋፊው ቁስሉ ዳነ፣ ሦስት ጣቱ ግን አይታጠፍም፤ ቢላዋ መያዝ አይችልም። ቄራው በረት ላይ መደበው፤ በግራ እጁ ዱላ ይዞ በሬዎቹን ወደ ጠባቡ መግቢያ ይነዳል። ቀልዱ ቀርቷል፤ ዱላው በዝቷል። ያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መሰከሩ፤ የመሰከሩት ግን ስለ ሞረድ ነው። ስለ ልጅቷ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው ዓይኗን ሳያይ «እህቴ፣ ሰውዬው እጁን አጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ክሱ ተዘጋ። ገፋፊው ከሥራ አልተባረረም። በበረቱ በኩል ባለፈች ቁጥር ዱላውን ብረቱ ላይ ያንቋቋባት ነበር። በመጨረሻ እሷ ለቀቀች።

በቀጣዩ ዓመት ገና ሲቃረብ ልጁ እስር ቤት ልትጠይቀው መጣች። የመጠየቂያው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ መካከል ላይ ሽቦ አለው። የሚሰማው ጆሮዋ በእሱ በኩል እንዲሆን ወንበሯን አዙራ ተቀመጠች። ሳሙናና ካልሲ አምጥታለች። እናቷ ጉንፋን ይዟታል አለች። ከዚያ «ቄራ ግብዣው ቀርቷል» አለችው። «ለሁልጊዜ። አስኪያጁ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጀሪካን ዘይት አደለና ወደ ቤታችሁ አላቸው። ወጥ ሠሪዋ ነገረችኝ።»

የሞረድ ፊት ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ እሷም አየችው።

«ደስ አለህ?»

«ትንሽ» አለ። ከዚያ አፈረ። «አዘንኩም። ያቺ መርማሪ አሁን የት ትዘፍን?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ብዙ አልቆየም። ጣቷን ሽቦው ላይ አደረገች።

«አባባ፣ ለእኔ ብለህ አልነበረም የመጣኸው። ልትጨፍር ነው የመጣኸው። ጫማህን እንዳየሁ ገብቶኛል። ለሱ አልቀየምህም፤ ስንት ዓመት በግድግዳ ስትሰማ ኖረህ። ጥሩም ጨፈርክ።»

«ታዲያ?»

«ተይዞ ነበር። አይተውት ነበር። አየን ብለውኝ ነበር።» ድምፅዋ አልጨመረም። «ጎኔን ያስረገጥኩት ለዚያች ቃል ነው። አንተ መጥተህ ያዩትን አስረሳሃቸው። አሁን እኔን ሲያዩኝ የሚያዩት የእሱን እጅ ነው።»

«ሲመታሽ አይቼ እንዴት ልቀመጥ?»

«በእኔ ሞት ብለህ ነበር የማልክልኝ።»

ከጎናቸው አንዲት ሴት ለባሏ ስለ ጣሪያ ክዳን ትነግረዋለች። ሞረድ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አይቶ ወደ ጭኑ አወረዳቸው። የብረት ብናኙ ከጣቶቹ እጥፋት መልቀቅ ጀምሯል፤ ቆዳው እዚያ ጋ እንደ ሕፃን ቆዳ ነው።

«አዲሱ ሥራሽ እንዴት ነው?» አላት።

«እንጨት መሰንጠቂያ ነው። መጋዝ ያው መጋዝ ነው፤ ሽታው ይሻላል። ማንም አያውቀኝም።» ጠባቂው ሰዓት አለቀ ሲል ቦርሳዋን አነሳች፣ ግን አልቆመችም። «የሚቀጥለው መጠየቂያ ቀን የመሰንጠቂያው የገና ግብዣ ቀን ላይ ነው። እንድመጣ ፈልገውኛል፤ የሚጋብዙኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አንተ ጋ ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር።»

ሞረድ «ነይ»ም «ሂጂ»ም ሊላት ፈለገ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማለት ግን አይቻልም።

«እዚያ የሚያጣላሽ ሰው አለ?» አላት።

«የለም።»

«እንግዲያው ሂጂ» አላት።

ቆማ አየችው፤ ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ጠበቀች። «እሺ አባባ» አለችና ወጣች። እሱም ጠባቂው ትከሻውን እስኪነካው ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም።